ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ልጁ ምን ያደርጋል? ለጨዋታና ለውጭ የሚያነሳሱ የልጆች ፕሮግራሞች ንጽጽር

በ1973 የእንግሊዙ ቢቢሲ አንድ የልጆች ፕሮግራም ጀመረ። ስሙ ረጅም ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው «ለምን ቴሌቪዥናችሁን አጥፍታችሁ፣ ይህን ያህል የማይሰለች ሌላ ነገር አትሠሩም?» ይላል። ቴሌቪዥን ራሱ «አጥፉኝ» ሲል! ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነበር። አቅራቢዎቹም ልጆች ናቸው። ጨዋታ ያሳያሉ፣ ቀላል ምግብ ይሠራሉ፣ ወረቀት ያጣጥፋሉ። እስከ 1995 ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አጥፉኝ» እያለ አልጠፋም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ስም የወደድኩት መለኪያ ስለሰጠኝ ነው። ድሮ ለልጆቼ ፕሮግራም ስመርጥ «ትምህርታዊ ነው ወይ?» ብዬ ነበር የምጠይቀው። ጥያቄው አላዋጣኝም። ዩቲዩብ ላይ ትምህርታዊ ነኝ የማይል የለም። አሁን የማየው ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ያለውን ሩብ ሰዓት ነው። ልጁ ተነስቶ መቀስ ፍለጋ ከሄደ፣ ጫማውን ካጠለቀ፣ ወይም እህቱን እጇን ይዞ ከጎተተ ፕሮግራሙ ሠርቷል። «ሌላ ክፈቺልኝ» ብሎ ካለቀሰ አልሠራም። በቃ ይኸው ነው። አንድን ፕሮግራም ሦስት ቀን ሞክሩት፤ መልሱ ራሱ ይመጣል።

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አራት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህን የምነግራችሁ ምርጫዬ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ምርጫው ሌላ ሊሆን ይችላል።

እጅ ሥራ የሚያስጀምሩት

የዚህ ዘርፍ አያት «ብሉ ፒተር» ነው። ቢቢሲ ላይ የተጀመረው በ1958 ሲሆን እስከ ዛሬም አለ። አቅራቢዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ ከካርቶን፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከልብስ መስቀያ ሽቦ ዕቃ ይሠራሉ። ለማድረቅ ጊዜ የሚፈልግ ነገር ሲሆን ከጠረጴዛው ሥር ያለቀውን ያወጡና «ይኸው፣ ቀደም ብዬ የሠራሁት» ይላሉ። እንግሊዝ አገር ይህ አባባል እንደ ቀልድ ሆኖ ቀርቷል። ልጅ ግን አይስቅበትም። የራሱ ሥራ ለምን እንደዚያ እንዳላማረ ነው የሚጠይቀው። ሰባት ዓመቷ ልጄ «እነሱ ጋ ቶሎ ይደርቃል፣ የኛ ለምን አይደርቅም?» ብላ አስጨንቃኛለች።

ብሉ ፒተርን ከሌሎቹ የሚለየው ባጁ ነው። ከ1963 ጀምሮ የሠሩትን፣ የሳሉትን ወይም የጻፉትን ጥሩ ሐሳብ ለላኩ ልጆች መርከብ የተሳለበት ባጅ ይላክላቸዋል። ባጁን የያዘ ልጅ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሙዚየምና መዝናኛ ቦታ በነፃ ይገባል። ልብ በሉ፤ ልጁ ባጁን የሚያገኘው ስላየ ሳይሆን ስለሠራ ነው። በ1974 ደግሞ ፐርሲ ትሮወር የተባለ ታዋቂ አትክልተኛ ይዘው ለፕሮግራሙ የራሱን የአትክልት ቦታ ከፈቱለት። የብዙ እንግሊዛዊ የአትክልት ፍቅር እዚያ ነው የጀመረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው «አርት አታክ» ነው። ከ1990 እስከ 2007 ኒል ቡካናን ያቀርበው የነበረ የእንግሊዝ ፕሮግራም ነው። የሱ ጥበብ ኮላ በውሃ አቅጥኖ ሶፍትና ጋዜጣ እየነከሩ ቅርጽ ማውጣት ነው። ያምራል። ለልጅ አሪፍ ነው። ለእናት ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ቆይቼ ስመለስ ሙሉ ጥቅል ሶፍት አልቋል፣ የሶፋው እጀታ ነጭ ሆኗል፣ አራት ዓመቱ ልጄ ፊቱ ላይ ኮላ ደርቆበት ሲስቅ ፊቱ ይሰነጣጠቃል። ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ። ኮላ የሚከፈተው በረንዳ ላይ፣ መሬቱ ላይ አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ተነጥፎ ብቻ ነው። ኮላ ሲያልቅ ደግሞ የፉርኖ ዱቄት በውሃ እያማሰሉ ማፍላት ይበቃል። ሲቀዘቅዝ ወረቀት ቆንጆ አድርጎ ይይዛል። ብቻ በማግስቱ ጉንዳን እንዳይጠራ የተረፈውን ድፉት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ለኛ ቤት ግን ከሁሉም ይመቻል። የጃፓኑ ኤንኤችኬ ከ1970 እስከ 1990 «ዴኪሩካና» የሚባል ፕሮግራም ነበረው። ትርጉሙ «እንችል ይሆን?» እንደማለት ነው። አቅራቢው ኖፖ የሚባል ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ነው። ኖፖ አይናገርም። ካርቶን ይቆርጣል፣ ያጣጥፋል፣ ይለጥፋል፤ ከጀርባ የሌላ ሰው ድምፅ ይተርካል። ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ የመጨረሻው ዝግጅት ላይ ብቻ አፉን ሲከፍት ጃፓን ውስጥ ትልቅ ወሬ ሆነ። ዝምታው ለኛ ጥቅም አለው። ልጁ ቋንቋውን ባያውቅም እጁን አይቶ ይከተላል። እንግሊዝኛ ያልጀመረ የአራት ዓመት ልጅ እንዲህ ዓይነት እጅ ብቻ የሚያሳይ ነገር ሲያይ አይሸነፍም። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ የእጅ ሥራ ስትፈልጉ ወሬ የሚያበዛውን እለፉት፤ እጅ በቅርብ የሚያሳየውን ያዙ።

በዚህ ዘርፍ የመጨረሻ ምክሬ ስለ ዕቃ ነው። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ነገር ቤት ውስጥ ከሌለ ልጁ ያዝናል፣ እናንተም ወደ ሱቅ ትሮጣላችሁ። እኛ ቤት አንድ ካርቶን አለ። ባዶ ሃይላንድ፣ ቆርኪ፣ የእንቁላል ትሪ፣ የሶፍት ውስጠኛ ካርቶን፣ የተበጠሰ ገመድ ይገባበታል። ፕሮግራሙ ከዚያ ካርቶን ውስጥ የማይገኝ ነገር ካበዛ እንቀይረዋለን። ለነገሩ ከሃይላንድና ከአራት ቆርኪ መኪና መሥራት የሰፈራችን ልጆች ከማንም ቴሌቪዥን ቀድመው ያውቁታል።

ተረት ሆነው ጨዋታ የሚያስጀምሩት

እዚህ ሁለቱን ብቻ ላወዳድር፤ «ብሉይ» እና «ሄይ ደጊ»። ሁለቱም አኒሜሽን ናቸው፣ ሁለቱም ሰባት ደቂቃ አካባቢ ናቸው። ሰባት ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው። «አንድ ክፍል ብቻ» ብላችሁ ስትፈቅዱ ግማሽ ሰዓት አይወስድባችሁም።

ብሉይ በ2018 አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ውስጥ የተጀመረ ነው። ጆ ብሩም የሚባል ሰው ነው የፈጠረው። ብሉይ የስድስት ዓመት ቡችላ ናት፤ ታናሿ ቢንጎ አራት ዓመቷ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ማለት ይቻላል አንድ ጨዋታ ነው። አንዱ ላይ ጨዋታው ፊኛ መሬት እንዳይነካ እየመቱ ማቆየት ነው። ያለው ነገር ይኸው ብቻ ነው! ልጆቼ ያንን አይተው ፊኛ ነፍተው አርባ ደቂቃ ተጫወቱ። ሰባት ደቂቃ አይተው አርባ ደቂቃ መጫወት! በኔ መለኪያ ከዚህ የበለጠ የለም።

ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ብሉይ ውስጥ አባትየው ሁልጊዜ ይጫወታል። ፈረስ ይሆናል፣ ሐኪም ቤት የገባ በሽተኛ ይሆናል፣ ሆቴል አስተናጋጅ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ የራሳቸውን አባት ይጠብቃሉ። ባለቤቴ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በታክሲ ሰልፍ ደክሞ ሲገባ ወንዱ ልጄ ደረጃ ላይ ጠብቆ «አባዬ፣ አንተ ፈረስ ነህ» ይለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ግሩም ነው። ማክሰኞ ማታ ግን... እንግዲህ። ከልጁ ጋር ለመጫወት ጊዜ የሌለው ቤት ብሉይን ለሳምንቱ መጨረሻ ያቆየው።

ሄይ ደጊ የእንግሊዝ ነው፣ በ2014 ቢቢሲ ላይ ተጀመረ። ደጊ ትልቅ ውሻ ነው፣ የትናንሽ እንስሳት ክበብ አለው። ጉማሬ፣ አውራሪስ፣ አዞ፣ አይጥና ኦክቶፐስ በየክፍሉ አንድ ነገር ይሠሩና ባጅ ይሸለማሉ። ኦምሌት በመሥራት የሚገኝ ባጅ አለ። የጭራሮ ባጅም አለ! አንድ ተራ ጭራሮ ስንት ነገር መሆን እንደሚችል የሚያሳይ ክፍል ነው። ልጅ ያንን አይቶ ውጭ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያነሳው ጭራሮ ነው። በነፃ፣ ያለ ኮላ።

የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው። ብሉይ ወላጅን ይፈልጋል፤ ደጊ ልጁን ያለ ወላጅ ያሰማራዋል። ለአራት ዓመት ልጅ ደጊን አስቀድማለሁ። ለሰባት ዓመቷ ብሉይን፤ ምክንያቱም ጨዋታውን ራሷ እየቀየረች ሕግ ታወጣበታለች። ባጁን ደግሞ ቤት ሠራነው። ቆርኪ ላይ ክብ ወረቀት ለጠፍን፣ ልጄ ሳለችበት፣ በጀርባው መርፌ ቁልፍ በፕላስተር አጣበቅን። የጭራሮ ባጁን ወንዱ ልጄ ሳምንት ሙሉ ፒጃማው ላይ ሳይቀር አድርጎ ተኛ፤ ሌሊት ሌሊት መርፌ ቁልፉን እየነቀልኩ ጠዋት መልሼ እሰካለሁ።

ወደ ውጭ የሚገፉት

ስለ እንስሳና ስለ ተፈጥሮ የሚያወሩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ስለ ውጭ ማውራትና ልጅን ወደ ውጭ ማስወጣት ይለያያል። አንበሳ አድኖ ሲበላ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ልጁን ሶፋው ላይ ነው የሚቸነክረው። በረንዳው ላይ አንበሳ የለማ!

«ዋይልድ ክራትስ» ከ2011 ጀምሮ በአሜሪካው ፒቢኤስ የሚተላለፍ ነው። ክሪስና ማርቲን ክራት የሚባሉ ወንድማማቾች መጀመሪያ በአካል ይታያሉ፣ ከዚያ አኒሜሽን ሆነው የእንስሳ ጉልበት የሚሰጥ ልብስ ይለብሳሉ። ልጄ ትወደዋለች። ብዙ ታውቅበታለች፤ አቦሸማኔ እንዴት እንደሚሮጥ ታስረዳኛለች። ካለቀ በኋላ ግን የምትፈልገው ሌላ ክፍል ነው። በኔ መለኪያ መካከለኛ ነው።

«ዳይኖሰር ትሬን» ይሻላል። በ2009 ፒቢኤስ ላይ የጀመረ ነው። በባቡር የሚጓዙ ዳይኖሰሮች ታሪክ ስለሆነ መጀመሪያ ስሰማው ናቅኩት። ነገር ግን በየክፍሉ ስኮት ሳምፕሰን የሚባል የእውነት የቅሪተ አካል ተመራማሪ ይመጣና ልጆቹን ውጭ ወጥታችሁ፣ ተፈጥሮን አይታችሁ የራሳችሁን ግኝት አግኙ ብሎ ይሰናበታል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ልጅ ግን ትልቅ ሰው በቀጥታ ሲያዘው ይሰማል፤ በተለይ የሚያዘው እናቱ ካልሆነች።

እኛ ያንን ይዘን ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን፤ ሉሲን፣ ድንቅነሽን ለማየት። ልጄ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ «ዳይኖሰሮቹን ታውቃቸው ነበር?» አለችኝ። አታውቃቸውም። እሷ የኖረችው የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ግድም ነው፤ እነሱ ያለቁት የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ይህንን ለሰባት ዓመት ልጅ ለማስረዳት ደረጃችንን ተጠቀምን። ድንቅነሽ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ከቆመች ዳይኖሰሮቹ ስልሳ ስድስተኛው ላይ ናቸው። ቆጥራ ስትወጣ ጣሪያው ጋ ደረሰች፤ ደረጃው አልበቃም።

ጀርመን አገር ላላችሁ ደግሞ «ሎቨንትሳን» አለ። ከሰማንያዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ፔተር ሉስቲግ የሚባል መላጣ፣ መነጽር ያደረገ ሰው በሠራተኞች ተጎታች ቤት ውስጥ እየኖረ ነገሮች እንዴት እንደሚሠሩ ለብዙ ዓመት ያሳይ ነበር። መጨረሻ ላይ ወደ ካሜራው ዞሮ «አጥፉት» ይል ነበር። የሱን ክፍሎች ካገኛችሁ አትለፏቸው፤ ያቺን የመጨረሻ ቃል ከአባትና ከእናት ይልቅ እሱ ቢላት ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ «ውጭ» የት ነው? ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። እንጦጦና ጉለሌ እጽዋት ማዕከል በየቀኑ አይኬድም። እኛ ያገኘነው መፍትሔ በረንዳው ነው። ቁራና ጭላት ከበረንዳ ይታያሉ። ዝናብ ሲያባራ ደረጃው ሥር ቀንድ አውጣ አይጠፋም። ፕሮግራሙ ስለ ወፍ ከሆነ ወፍ ቆጠራ በረንዳ ላይ፣ ስለ ነፍሳት ከሆነ ታች የጉንዳን መንገድ ፍለጋ። ልጅ ባየበት ቀን ማድረግ አለበት። ለነገ ካለ ይረሳዋል።

አሜሪካ ያላችሁ «ኔቸር ካት»ን ሞክሩት። ቤት ውስጥ የሚኖር ድመት ባለቤቶቹ ሲወጡ ጓሮ ሄዶ ራሱን ጀግና አሳሽ የሚያደርግበት ነው። ጓሮ ለሚበቃው ልጅ ጥሩ ነው። ፒቢኤስ ደግሞ በአንቴና በነፃ ይገባል። አረብ አገር ላላችሁ የሙቀቱ ነገር ይታወቃል። በበጋ ውጭ የሚወጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሆነ ፕሮግራሙን ከቀኑ ወደ አመሻሽ አዙሩት፤ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ በሩ ወዲያው እንዲከፈት።

የሚያዘልሉት

«ሌዚታውን» የአይስላንድ ነው። ማግኑስ ሼቪንግ የሚባል የኤሮቢክስ ሻምፒዮን የፈጠረው ሲሆን ቴሌቪዥን ላይ የወጣው በ2004 ነው። ስፖርታከስ የሚባለው ጀግና ሲገለባበጥ ይውላል፣ ፍራፍሬና አትክልትን «የስፖርት ከረሜላ» ይላቸዋል። ልጆቼ እያዩ ይዘላሉ። እያዩ መዝለልና አጥፍቶ መሄድ አንድ አይደለም፤ የሚዘሉት ቴሌቪዥኑ ፊት ነው። ደግሞም ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ሲመቱ ሰምቻለሁ። ግቢ ላለው ሰው ተዉት ልል ነበር፤ ግቢ ያለው ሰው ግን አይፈልገውም። ክረምት ላይ ዝናቡ አልቆም ሲል፣ ምንጣፍ ተነጥፎ ይታይ።

የኛዎቹ

የኔ ትውልድ አባባ ተስፋዬን ያስታውሳል። ተስፋዬ ሳህሉ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጅማሬ አንስቶ ከአርባ ዓመት በላይ ልጆችን ተረት ነገሩ። እጅ ሥራም ስፖርትም አላስተማሩም። ነገር ግን ተረቱ ሲያልቅ እኛ ምን እናደርግ ነበር? ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ለማየት የተሰበሰብነው ልጆች ወጥተን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ተረቱን እንደገና እንናገረው ነበር፤ አንዱ ቀበሮ ሆኖ፣ አንዱ አንበሳ ሆኖ። ከዚያ ወደ ኩኩሉ። «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» በኔ መለኪያ እሳቸው ከብዙዎቹ ይበልጣሉ።

«ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ2006 የተጀመረች ናት። ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ከባለቤቷ ጋር ሆና በቤታቸው በካልሲ አሻንጉሊት የጀመሩት ነው። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። በ2008 የጃፓን ሽልማት አሸንፋለች። ለውጭ ጨዋታ ተብላ የተሠራች አይደለችም። ግን ልጁ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል፣ አሻንጉሊቷም ልትሠራ የምትችል ትመስላለች። ያለ አጋር የቀረ ካልሲ፣ ሁለት ቁልፍ ለዓይን፣ መርፌና ክር። ሰባት ዓመቷ ልጄ ራሷ ሰፋቻት፤ አንገቷ አጭር ስለሆነ ቀጭኔ ሳይሆን አህያ ነች ተባለ። አህያዋ አሁን በየምሽቱ ትናገራለች።

ታዲያ የቱን?

ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ የትኛውንም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ያው ልጅ በቀን ሦስት ሰዓት መንቀሳቀስ አለበት። ሂሳቡ ግልጽ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ማየት ሦስት ሰዓት መንቀሳቀስ።

ለሦስትና ለአራት ዓመት ሄይ ደጊና ፀሐይ። ከአምስት እስከ ሰባት ብሉይ፤ አብሮ የሚጫወት ትልቅ ሰው ካለ። ሰባት ሲሞላው እጁ ስለሚታዘዝለት እጅ ሥራው ይምጣ፤ ኮላው በረንዳ ላይ። ለንባብ የደረሰ ልጅ ዳይኖሰር ትሬንን እያየ ቢንቀው አይግረማችሁ፣ የሕፃን ነው ይላችኋል። ለሱ ብሉ ፒተር ይሻለዋል። ለጓደኝነት የሚቸገር፣ ዝምተኛ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ቡድን ያለበትን ምረጡ። ደጊ ጋ አምስት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ ጨዋታውም ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ከየትኛውም ምርጫ በላይ ውጤቱን የሚያበላሸው ግን ዩቲዩብ ላይ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚጀምረው ነገር ነው። እሱ ካልተዘጋ ያ ሩብ ሰዓት አይመጣም። ኒኬሎዲየን እንኳ፣ ልጅን ከስክሪን ፊት ማቆየት ሥራው የሆነ ጣቢያ፣ ከ2004 ጀምሮ ለብዙ ዓመት በዓመት አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ለሦስት ሰዓት ሥርጭቱን እያቋረጠ ልጆች ወጥተው እንዲጫወቱ ያደርግ ነበር። እኛ ቤት ሪሞቱን የምትይዘው ሰባት ዓመቷ ናት። ሰባት ደቂቃው ሲያልቅ የማጥፋቱ ሥራ የሷ ነው። ሥልጣን ስለምትወድ አንድም ቀን አሳልፋ አታውቅም፤ ወንድሟ ግን አሁንም ይቃወማል።

ዛሬ ልጀምር ካላችሁ ከፊኛው ጀምሩ። ፊኛ ከሌለ ሁለት አሮጌ ካልሲ አንዱን ባንዱ ውስጥ እየጠቀለላችሁ ኳስ አድርጉት። መሬት እንዳይነካ እየመታችሁ ቁጠሩ። የኛ ቤት ሪከርድ አርባ አንድ ነው።